ብትን ጨርቁ ሰኔ ሳይገባ ከፌስታል ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በበዓል ሰሞን ስለ ሐበሻ ልብስ ዋጋና ስለ ጥለቱ ዐይነት በጋዜጣ ብዙ ይነበባል። ከተገዛ በኋላ መቀስ ሳይነካው ቤት ውስጥ ስለሚቀመጠው ብትን ጨርቅ ግን የሚጽፍ እምብዛም የለም። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ካዛንቺስ ባሉት ሰፈሮች በሳሎን ጥግ ወይም በአንዲት ጠባብ ክፍል የስፌት መኪና ተክለው የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ከሠርግ የተረፈው፣ ዘመድ ከውጭ የላከው፣ መርካቶ በቅናሽ የተገኘው፣ ደንበኛ «ቆይቼ እመለሳለሁ» ብላ የተወችው፣ ሁሉም ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ፌስታሉ ማዳበሪያ ውስጥ፣ ማዳበሪያው አልጋ ሥር። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ሲነሣ ጨርቁም እንደዚሁ ታስሮ ተጫነ፤ እስከ ዛሬ ያልተፈታ ማዳበሪያ ያለበት ቤት አለ። ያ ማዳበሪያ ሰኔ ሳይገባ ይፈታ ለማለት ነው ይህን የምንጽፈው።

አርጅቶ ከሚበላሸው ጨርቅ ታሽጎ የሚበላሸው ይበልጣል። ጥጥ በእጅ ሲነካ ደረቅ ቢመስልም መጠነኛ እርጥበት ባለው አየር ከክብደቱ ወደ 8 ከመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው። ሐር ወደ 10፣ ሱፍ ወደ 14 ይደርሳል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ 10 ኪሎ የጥጥ ጨርቅ በፌስታል አጥብቆ ያሰረ ሰው 800 ግራም ያህል ውሃ አብሮ አስሯል ማለት ነው። ቀን ክፍሉ ሲሞቅ ከዚያ ውሃ የተወሰነው ከክሩ ወጥቶ ፌስታሉ ውስጥ ይተንናል። ማታ የአዲስ አበባ ብርድ ሲመጣ ደግሞ እንፋሎቱ በፌስታሉ የውስጥ ገጽ ላይ ላብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያንን ላብ ፌስታሉን የነካው እጥፍ ይጠጣዋል። ሻጋታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ እጥፍ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የውጭው አየር ራሱ ውሃ ስለሚሸከም ነገሩ ይብሳል። የክፍሉ አየር እርጥበት ከ65 ከመቶ በላይ ሆኖ ቀናት ከቆየ ሻጋታ ቦታ አገኘ ማለት ነው፤ ለጨርቅ የሚመቸው ከ45 እስከ 55 ባለው መካከል ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ከግምት ያድናል።

አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጨርቅ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። አንዱ ከረጢት ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ ቢበዛ የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ይይዛል። ከ800 ግራም ውሃ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። የአዝራርና የዚፕ ቆርቆሮ ውስጥ ግን ይጠቅማል።

ማዳበሪያው ሲፈታ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መለየት ነው፤ በቀለም ሳይሆን በክሩ ዐይነት። ጥጥ፣ ሱፍ፣ ሐርና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ጠላታቸውም አያያዛቸውም የተለያየ ስለሆነ በቀለም አሰማምሮ መደርደር ለዐይን ቢያምርም ጨርቁን አያድነውም። ጨርቅ ሻጮችንም እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለምናለን። ጣቃው ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ላይ ወይም ዳሩ ላይ ምን እንደሆነ ተጽፎ ይመጣል። ያንን አንብባችሁ ለገዢው ብትነግሩ፣ ቢቻል ደረሰኙ ላይ ብትጽፉት፣ ቤት ውስጥ የሚደረገው ግምት ሁሉ ይቀራል።

ያልታወቀውን ጨርቅ በእሳት መፈተን ይቻላል። ከዳሩ 2 በ2 ሳ.ሜ. የምታህል ቁራጭ ቆርጦ፣ በወረንጦ ይዞ፣ ውሃ ባለበት የብረት ሳህን ላይ ወደ ሻማ ማስጠጋት ነው። መስኮት ይከፈት፣ ልጆች ይራቁ። ጥጥ ወዲያው ይያያዛል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፤ ከእንጨት የሚሠራው ቪስኮስም እንዲሁ ነው። ሱፍና ሐር ቀስ ብለው ይነዳሉ፣ ከሻማው ሲርቁ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ ጫፋቸው ላይ የምትቀረው ጥቁር ፍሬ በጣት ስትጫን ትደቅቃለች። ፖሊስተር ከነበልባሉ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ በጣት የማትሰበር ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ቅልጡ ቆዳ ላይ ከተንጠባጠበ ክፉኛ ስለሚያቃጥል በጣት ይዞ መሞከር አይገባም። የጥጥና የፖሊስተር ቅልቅል የሆነው እንደ ወረቀት ነድዶ ጫፉ ላይ ጠጣር ፍሬ ይተዋል።

ቀጥሎ እጥበት ነው። የጥጥ ብትን ሲታጠብ ከ3 እስከ 5 ከመቶ መሰብሰቡ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ሳይታጠብ የተቀመጠ 3 ሜትር 3 ሜትር አይደለም፣ 2 ሜትር ከ85 ወይም ከ90 ነው። የሸማኔ እጅ ሥራ ከዚህም በላይ ሊሰበሰብ ይችላል። የተቆረጡት ሁለት ጫፎች እንዳይተረተሩ መጀመሪያ ዚግዛግ ወይም ኦቨርሎክ ይመቱ። ጥለት ያለው ከሆነ ከመታጠቡ በፊት ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁ ይታይ፦ ጥለቱ ላይ በውሃ የራሰ ነጭ ጨርቅ አድርጎ በሞቀ ካውያ 10 ሰከንድ መጫን ነው። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ያ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን ይታጠባል፣ እንደረጠበም ታጥፎ አይቀመጥም፤ ቀይ ጥለት ነጭ ሸማ ላይ የሚያትመው በእጥበቱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በእርጥብ እጥፍ ውስጥም ነው። ከፋይ (ቬልቬት)፣ ሐር፣ የሙሉ ልብስ ሱፍና ወርቀ ዘቦ (ወርቅማ የብረት ክር) ያለበት ግን ለመቀመጥ ተብሎ አይታጠብም፤ በለስላሳ ብሩሽ አቧራው ይራገፋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ለመቀመጥ የታሰበ ጨርቅ ስታርች አይነካው። በስታርች የደረቀ ጨርቅ ለብርማዋ፣ ክንፍ ለሌላት፣ ስትሮጥ እንደ ዓሣ ለምትሟለጨው ነፍሳት ምግብ ነው። በረሮም አይጠላውም። ስታርቹ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ፣ ሊለበስ ሲል ይደረግ። ካውያ የተመታ ጨርቅም ወዲያው አይታጠፍም፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ አንድ ሌሊት ወንበር ላይ ተዘርግቶ ይደር።

አሁን ወደ አጣጠፉ እንምጣ፤ ብዙው ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተከመረ 60 ሳ.ሜ. ሲደርስ የታችኛው ይጨፈለቃል፣ የእጥፋቱ መስመር በካውያም እንቢ ይላል፣ ከሥር ያለውን ለማውጣት ሲባልም ክምሩ በሙሉ ይፈርሳል። የሚሻለው እንደ መጽሐፍ አቁሞ መደርደር ነው። 150 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው 3 ሜትር ጥጥ እንውሰድ። ዳርና ዳሩ ተገጣጥሞ ለሁለት ሲታጠፍ 75 ሳ.ሜ. ይሆናል። ያ ለሦስት ሲታጠፍ 25 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ረጅም መቀነት ይወጣዋል። ይህን መቀነት 20 በ25 ሳ.ሜ. በሆነ ጠንካራ ካርቶን ላይ ሳያጠብቁ መጠምጠም ነው። ካርቶኑ አዲስ ይሁን፤ ምግብ የነበረበት አይሁን። ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ወይም የታጠበ አቡጀዴ ይልበስ፤ ምክንያቱም የካርቶን አሲድ ከጊዜ ብዛት ነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ ጥላ ይጥላል። ተጠምጥሞ ሲያልቅ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. ነው። 80 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 30 ሳ.ሜ. ጥልቀትና 30 ሳ.ሜ. ከፍታ ባለው አንድ ረድፍ ላይ እንዲህ ያለ 20 ጨርቅ ይቆማል፤ የፈለጉት ሲወጣ ሌላው አይነካም።

የዚያን ረድፍ ክብደትም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። መካከለኛ የጥጥ ጨርቅ በካሬ ሜትር 150 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ150 ወርድ አንዱ ሜትር 225 ግራም ነው። 20 ጨርቅ ባለ 3 ሜትር 13 ኪሎ ተኩል ሆነ። ጂንስ ከሆነ ከእጥፍ በላይ ነው። ቺፕውድ መሐሉ ላይ ድጋፍ ሳይኖረው ከ80 ሳ.ሜ. በላይ ሲረዝም ይጎብጣል፣ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ያብጣል። ኮምፔንሳቶ የተሻለ ይችላል። የብረት መደርደሪያ ጠንካራ ነው፣ ግን ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ሁሉ ዝገት ያወጣል፤ የዝገት እድፍ ከነጭ ጨርቅ የሚለቀው በስንት ልፋት ነው። ስለዚህ ብረትም ሆነ ጥሬ እንጨት በታጠበ አቡጀዴ ይነጠፍ። አቡጀዴው በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጠባል።

ሁሉም ጨርቅ ግን አይታጠፍም። ከፋይ ከታጠፈ ጠጉሩ ተኝቶ መስመር ይይዛል፤ ሳቲንና ሐር የእጥፋት ነጭ ጭረት ያወጣሉ፤ የወርቀ ዘቦው ክር እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። እነዚህ በጥቅል ይቀመጡ። ጨርቅ ቤቶች ጣቃ ሲያልቅባቸው የሚጥሉት የካርቶን ቱቦ ለዚህ ይሆናል፤ እሱም አቡጀዴ ይልበስና ጨርቁ ይጠቅለልበት፣ ከፋይ ከሆነ ጠጉሩ ወደ ውጭ ሆኖ። ጥቅሉ አግድም ይተኛ፤ ከቆመ በራሱ ክብደት እየወረደ ታችኛው ጫፍ ይጨማደዳል። የሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ መስቀያ ላይ አይንጠልጠል፤ በራሱ ክብደት ተስቦ ቅርጹ ይጠፋል፣ ተቆርጦ ሲሰፋም ቀሚሱ ባንድ ጎኑ ይረዝማል። እሱን ላላ አድርጎ አጥፎ ማስተኛት ነው። በቱቦው ላይ ጥቅሉን ለማሰር የብር ላስቲክ መጠቀም ክልክል ይሁን። ላስቲኩ በዓመት በሁለት ዓመት ቀልጦ ይጣበቃል፣ ውስጡ ያለው ድኝም የብረት ክርን ያጠቁራል። 3 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው የአቡጀዴ መቀነት በቂ ነው። ስፒልም ጨርቅ ውስጥ አይረሳ።

ከሽሮ ሜዳ ለሚገዛው የሸማኔ ሥራ ለብቻው ሁለት ቃል እንጨምር። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነውና ጋቢ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ ላዩ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ይሆናል። ከታጠበ በኋላ በፀሐይ ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን ገልበጥ እያለ ይሰጣ፤ ከዚያ እጅን በድርቡ መካከል አስገብቶ መዳሰስ ነው። ከላዩ ይልቅ ውስጡ የሚቀዘቅዝ ከሆነ አልደረቀም። ጥለቱ አግድም እንዳይሰበር አጣጠፉ ከጥለቱ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ጥለቱም ነጩን እንዳይነካ በመካከላቸው ነጭ ጨርቅ ይግባ። በየስድስት ወሩ ተፈትቶ እጥፋቱ ቦታ ይቀይር፤ ባለፈው ለሁለት ከታጠፈ አሁን ለሦስት። የጥጥ ክር አንድ መስመር ላይ ለዓመታት ሲታጠፍ ኖሮ እዚያው ላይ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። በአያቶች ሣጥን ውስጥ ቆይተው የሚወጡ ጥበቦች በእጥፋታቸው ላይ የሚሰነጠቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ማየቱ ያሳዝናል፣ ማዳን ግን ይቻል ነበር።

መደርደሪያው የት ይቁም? ከወለል ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል። ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ. ይራቅ፤ በተለይ ግድግዳው የውጭ ከሆነ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የተጠጋው ጨርቅ እርጥበት ይጠጣል። በጥንቶቹ ጭቃ ቤቶች ደግሞ ከቆርቆሮው የሚያፈስ ነጠብጣብ አለ፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ከታየ ከሥሩ ጨርቅ አይቀመጥም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፤ መስኮት ፊት ለፊት የቆመ ጨርቅ የታጠፈበት ዳር ብቻ ነጥቶ መሐሉ እንዳለ ይቀራል፣ ያም ሲዘረጋ በየእጥፋቱ የተሰመረ ይመስላል። ፊቱን በአቡጀዴ መጋረጃ መጋረድ ብርሃኑንም አቧራውንም ይከለክላል፣ አየርም አይዘጋም። ቡና በሚፈላበት ክፍል መጋረጃው የግድ ነው። ዕጣኑና ከሰሉ ደስ የሚል ሽታ ቢኖራቸውም ጢሱ ቅባትና ጥላሸት አለው፤ ያ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ ቢጫ ይሆናል።

ስለ ብል። ጨርቁን የሚበላው የሚበረው አይደለም፤ ትሉ ነው፤ የሚበላውም ሱፍንና ሐርን ነው። ጥጥን የሚነካው ላብ ወይም የምግብ ቅባት ካለበት ነው። ስለዚህ ሱፍና ሐር ከሌላው ተለይተው፣ ጥብቅ ብሎ የተሸመነ ንጹሕ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ይቀመጡ። ግራዋ፣ አሪቲና የባሕር ዛፍ ቅጠል በመዓዛቸው የሚበረውን ያርቁ ይሆናል፤ እጥፍ ውስጥ ያለውን እንቁላል ግን አይገድሉም። ቅጠሉ ጨርቁን በቀጥታ ከነካም ዘይቱ ያቆሽሻል፣ በከረጢት ይግባ። የብል ማባረሪያው ነጭ ክኒን፣ ናፍታሊን፣ ልጅ ባለበት ቤት ባይገባ እንመክራለን፤ ከረሜላ መስሎት የዋጠው ሕፃን ቀይ የደም ሴሉ ሊፈርስበት ይችላል። ብል የተጠረጠረበትን የሱፍ ጨርቅ የሚያድነው ብርድ ነው፦ በፌስታል አየሩን አስወጥቶ ማሰር፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት ማቆየት፣ ካወጡ በኋላም ፌስታሉን ሳይፈቱ አንድ ቀን ሙሉ ክፍል ውስጥ መተው። ቶሎ ከተፈታ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ጤዛ ይሆናል። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

እያንዳንዱ ጨርቅ መታወቂያ ይኑረው። 4 በ6 ሳ.ሜ. የሆነ የአቡጀዴ ቁራጭ ላይ በእርሳስ ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ ክሩ፣ መታጠቡና የተገዛበት ወር ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲያገኝ ይተላለፋል። ቁራጩ በማይዝግ መርፌ ቁልፍ ዳሩ ላይ ይያዝ። የደንበኛ ጨርቅ ከሆነ ስሟና ያመጣችበት ቀን ይጨመር፣ በሌላ ረድፍም ይቀመጥ። በደብተር ላይ ደግሞ 5 በ5 ሳ.ሜ. ናሙና ለጥፎ ከጎኑ ቀሪውን ሜትር መጻፍና ከተቆረጠ ወዲያው መቀነስ ነው። ሜትሩን የማያውቅ ሰው የሌለውን ጨርቅ ለደንበኛ ቃል ይገባል፣ ያለውንም ደግሞ ሄዶ ይገዛል።

ቁርጥራጩ ብዙ አያስጨንቅ። ከ10 ሳ.ሜ. በታች የሆነው ለትራስ ሙሌት፣ ከዚያ በላይ እስከ 50 ያለው ለኪስና ለኮሌታ በአንድ ቅርጫት፣ ከ50 በላይ ያለው እንደ ሙሉ ጨርቅ ተጠምጥሞ መደርደሪያ ላይ። 50 በ50 የሆነ ካሬ በሰያፍ 4 ሳ.ሜ. እየተቆረጠ ሲቀጣጠል 6 ሜትር የሚጠጋ የአንገት ዙሪያ መጠቅለያ ይወጣዋል፤ ይህን አውቆ ካሬውን አለመጣል ነው።

ክረምቱ ከገባ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ ዝናቡ ባባራበት ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት መስኮቱን ከፍቶ መጋረጃውን መግለጥ፣ ከየረድፉ አንድ ሁለቱን አውጥቶ ማሽተት። የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ ሻጋታው ዐይን ላይ ሳይወጣ ጀምሯል። ሙሉው ጨርቅ ወጥቶ በጥላ የሚናፈሰው ጥቅምት ላይ ነው፣ አየሩ ሲደርቅ።

ሻጋታ የተገኘበት ጨርቅ ክፍል ውስጥ አይራገፍም፤ ዱቄቱ በሌላው ላይ ይዘራል። በፌስታል ተደርጎ ወደ ውጭ ይውጣ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በፀሐይ ይድረቅ፣ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ይጠረግ፣ ከዚያ ይታጠብ። ነጭ ጥጥ በ60 ዲግሪ ውሃና በሳሙና ይነጻል። እድፉ ከቀረ የቀጠነ በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ይሆናል። ሱፍና ሐር በረኪና ከነካቸው ክራቸው ራሱ ይሟሟል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከአሞንያ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላልና በፍጹም አይደረግ። የሻገተው ጨርቅ የነበረበት ረድፍም አቡጀዴው ተነሥቶ ይታጠብ፣ እንጨቱ በሳሙና ተወልውሎ አንድ ሙሉ ቀን እስኪደርቅ ባዶውን ይቆይ።

ልብስ ሰፊ አንባቢዎቻችሁ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት